በሰው አንገት የመጣ ይቅርታ

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ።

እማሆይ ፀዳለ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው፤ ይታይሽ ጥያቄዋን ጠይቃ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መልስ ስትጠብቅ። ያዘለችው ልጅ ገና ጥርስ አላበቀለም። የመጣችበት ጉዳይ አጭር ነበር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች አጎቷ «ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብሎ ከእናቷ ቤት ወሰዳት። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጆቹን አሳደገችለት እንጂ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ባለፈው ሳምንት በስልኳ አንዲት ቃል ላከላት፤ «ሶሪ» የምትል። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ሰውዬው ሶሪ ብሏል፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ? ይቅር በዪው እንጂ!» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣት። እሷ ግን ብትለው ብትለው አልሆነላትም።

«እማሆይ፣ ይቅር ካላልኩ እንግዲህ በደለኛዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው?» ነበር ጥያቄዋ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ፊታቸው ተቆጥቷል፤ ይታይሽ በሷ የተቆጡ መስሏት ነበር።

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ፣ አሉ ደግመው። ወፍጮውን ያቆሙት አባቱ ናቸው። እሱ በወጣትነቱ ትልቅ ከተማ ወርዶ፣ ፈረንጆች የሚያርፉበት ሆቴል በር ላይ ቆሞ ሻንጣ ሲቀበል ሦስት ዓመት ቆየ። አባቱ ሲሞቱ ንብረቱን ሊረከብ ተመለሰ። ሲመለስ ታዲያ አንድ ቃል ይዞ መጣ፤ ያችኑ «ሶሪ»ን።

በሰው መሀል ሲያልፍ «ሶሪ» ይላል። የሰው እግር ሲረግጥ «ሶሪ» ይላል። ያሉትን ሳይሰማ ሲቀር፣ ሌላው ሰው «አቤት?» በሚልበት ቦታ እሱ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ሶሪ?» ይላል። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም፣ ከሩቅ ገጠር አህያ ጭነው የመጡትን ሰዎች «ሶሪ» ብሎ በሩን ይዘጋባቸዋል። ለማኝ እጁን ሲዘረጋ «እግዜር ይስጥህ» ማለት ድሮ ቀረ፤ «ሶሪ» ነው። ልቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ባሏ የሞተባትን ሴት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ሶሪ» አላት። ሴትዮዋ ምን እንዳላት አላወቀችም፤ ምርቃት መስሏት «አሜን» አለች።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ለመደ። ቆይቶም የሚኮርጁት በዙ።

ቃሉን አልኮንንም። ባገሩ፣ በባለቤቶቹ ዘንድ፣ ለትንሹም ለትልቁም ይሆናል አሉ። ሰዎቹ በድምፃቸውና በፊታቸው ይለዩታል፤ ለረገጡት እግር አንድ ፊት፣ ለቀበሩት ሰው ሌላ ፊት አላቸው። ባለ ወፍጮው ግን ቃሉን ይዞ ሲመጣ ፊቱን እዚያው ረስቶት መጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ይባላል፤ እኔ ልደናቀፍልህ ነው ነገሩ። ላዘነ «እግዜር ያጥናሽ» ይባላል። ለበደሉት ደግሞ «ይቅር በለኝ» ይባላል፤ ይህችን ለማለት መቆም፣ ፊት ማየት፣ መጠበቅ አለ። ሰውዬው ይህን ሁሉ አራግፎ ጥሎ አንዲቱን ቃል ለሁሉ ቦታ አደረጋት። ቀለለችውና ነው። ቆሞ መጠበቅ የለባትም።

ከወፍጮው በር በስተግራ አንዲት እህል ለቃሚ ትቀመጥ ነበር። ሴቲቱ ባል የላትም፤ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሦስተኛ ክፍል የምትማር። በገበያ ቀን ሰፌዷን ይዛ እዚያ ቁጭ ትላለች፤ አስፈጪዎቹ እህላቸውን ይሰጧታል፣ ታበጥራለች፣ ትለቅማለች። ጤፍ ውስጥ የገባ ደቃቅ ጠጠር በዓይን አይገኝም፤ እሷ በጣቷ ታገኘዋለች። በሌላው ቀን ደግሞ ቤት ለቤት እየተጠራች የሰው በርበሬና ሽሮ ታሰናዳለች። አስቢው እንግዲህ። የሰው ጓዳ ገብቶ፣ ከቅቤው ከማሩ ጋር ብቻውን ውሎ ለመውጣት ሙያ ብቻ አይበቃም። ስም ያስፈልጋል። የዚህች ሴት ጥሪቷ ስሟ ነበር። ልጅቷን የሚያበላትም የሚያስተምራትም እሱ ነው።

አንድ ቀን፣ ገበያው ጢም ብሎ፣ የአንዲት ወይዘሮ የሽሮ እህል ስልቻ ከተራው ላይ ታጣ። ወይዘሮዋ «ኧረ ስልቻዬ!» ስትል ባለ ወፍጮው ዱቄት የለበሰ ኮቱን እያራገፈ ወጣ። ግራና ቀኝ አየ። ያቺን ከመሬት የተቀመጠች ሴት አየ።

«እዚህ ተጎልቶ የዋለው ማነው? አንቺ አይደለሽም? ተነሺ!» አለ። ድምፁ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ከዚህ ንቅንቅ—»

«ተነሺ ብያለሁ! አራግፊ ቀሚስሽን! ሌባ!»

ተነሳች። ምን ታድርግ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀሚሷን አራገፈች። እብቅ ረገፈ። ዘንቢልሽን ገልብጪ አላት፤ ገለበጠችው። ግማሽ ዳቦ ወደቀ፤ ለልጇ ያስቀረችው ነው። ዳቦው አቧራው ላይ ሲንከባለል ሰው ሁሉ አየው። እሷም ሰው ሲያየው አየች። ከዚያ ሁሉ አስፈጪ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ተው!» አላለም፤ ሁሉም ተራውን እንዳያጣ ፈርቶ ይሁን እንጃ።

ብዙ አልቆየም፤ ስልቻው ከሚዛኑ ኋላ ተገኘ። ወፍጮውን የሚያስነሳው ሠራተኛ ራሱ ነው መንገድ ዘጋብኝ ብሎ ገፍቶት የነበረው። ያኔ በሩ አጠገብ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገበያተኛው ወሬውን ይዞ ሄዷል። ባለ ወፍጮው ስልኩን እየነካካ ወጣ፤ በሷ በኩል ሲያልፍ «ሶሪ» አላት። ሳይቆም።

ጠዋት ሲገባ ጣቷን ረግጧት «ሶሪ» ብሏት ነበር። ያው ድምፅ ነው፣ ያው ፊት ነው። እንዲያውም የጠዋቱ ትንሽ ረዘም ይል ነበር።

ሴቲቱ እጇ ሰፌዱ ላይ እንደቀረ ጠበቀች። ተመልሶ አንድ ነገር የሚል መስሏት ነበር። ሰውዬው ሚዛኑ ጋ ከሰው ጋር ይሳሳቃል።

በዚያ ሳምንት ማንም አልጠራትም። በቀጣዩም ሳምንት አልተጠራችም። ለዓመታት በርበሬዋን የሰጠቻት አንዲት ሴት ከአጥሩ ውስጥ ሆና «ዘንድሮ እንኳ እኔው እሠራዋለሁ፣ እህቴ» አለቻት፤ በሩንም አልከፈተች። ሌላዋ «ስልቻው ተገኘ አሉ፤ ግን እንዲያው ዝም ብሎ ያስነሳሻል?» አለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ደብተሯን በደረቷ ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ነገ አልሄድም» አለች። ለምን ስትላት «የሌባ ልጅ አሉኝ» አለች።

ይህን ስትሰማ ሴቲቱ ተነሳች። እስከዚያ ድረስ በደሉ የራሷ ብቻ መስሏት ነበር ዝም ያለችው። ሦስት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ባለ ወፍጮው ዘንድ ሄዱ። ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም። «ሶሪ ብያታለሁ እኮ!» አለ። «ስንቴ ልበልላት? ደሞ ለአንዲት ለቃሚ!» ሽማግሌዎቹ ተመለሱና እንዳላቸው ነገሯት።

«አባቶቼ፣» አለች፣ «ሶሪ ምን ማለት ነው?»

ከሦስቱ አንዱ የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበሩ ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ባጭሩ ይቅርታ ማለት ነው፣ ልጄ።»

«እግር ሲረግጥም ይላታል።»

«አዎ፣ ለሱም ትሆናለች።»

«ሳይሰማ ሲቀርም ይላታል። ለማኝ ሲመልስም ይላታል። መብራት ሲጠፋም ይላታል። ባለፈው አንዲት አህያ ወፍጮው በር ላይ ፋንድያዋን ብትጥል ለደንበኞቹ ሶሪ ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እኔን ያለኝ የትኛዋን ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። የሴቲቱን ፊት ሲያዩ ግን ሳቁን ዋጡት።

«ሌባ ያለኝ ገበያ መሀል ነው» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ሰው ሁሉ በሚሰማው ቋንቋ ነው፤ አህያ ነጂው እንኳ ሰምቷል። ይቅርታ ሲሆን ነው ወይ ቋንቋ የሚቀየረው? ሲሰድቡ መጮኽ፣ ሲክሱ ማንሾካሾክ? ይህ ምን የሚሉት ነው? እኔ ካሳ አልፈልግም። እዚያው የሰደበኝ ቦታ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ይጠይቀኝ። ልጄ ትምህርቷን እያቆመችብኝ ነው!»

ደንቡን ታውቂዋለሽ። ስም ያጠፋ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ፊት ያጎነብሳል። የተበደለው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ካወረደለት ታረቁ ማለት ነው። ለምን ድንጋይ ሆነ ብትዪ፣ ከብዶኛል ለማለት ነው። ደግሞም ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጎንበስ ማለቱ አይቀርም፤ ጎንበስ ያለ ሰው ስልኩን እያየ አያልፍም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገባቸው። ሰውዬው ደግሞ በዚያ ሰሞን ልጁን ሊድር ነው። ሄደው «የሙሽራው ሽማግሌዎች ሲመጡ ማን ይቀበልልሃል? እኛ እንደሆንን ይህን ሳታደርግ ደጅህ አንቀመጥም» አሉት። ያለ ሽማግሌ ሴት ልጅ መዳር ውርደት ነው። ተናደደ፣ ተንጎራደደ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ ድንጋዩ ይመጣል» አለ። ልብ በዪ፤ ድንጋዩ ይመጣል ነው ያለው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከወፍጮው በር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰው ተሰበሰበ። ሴቲቱ ነጭ ለብሳ፣ ልጇን ይዛ እቦታዋ ተቀመጠች። አሁን አንዲት ነገር ብትሆንላት ነገ ልጅቷ ቀና ብላ ትምህርት ቤት ትገባለች።

ባለ ወፍጮው በመንገዱ ብቅ አለ። ያማረ ኮት ለብሷል። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ከኋላው አንድ የጉልበት ሠራተኛ ይከተለዋል፤ በገበያው ኩንታል የሚሸከም፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተቀደደ ሰው። ድንጋዩ እሱ ማጅራት ላይ ነው።

አንዱ ከኋላ «እንዴ! ለድንጋዩም ሰው ቀጠረበት?» አለ። ሌላው ተቀበለና «ምን አለበት፣ ለሁዳዴም የሚጾምለት ይቀጥራል!» አለ። «ጌታው፣ ኑዛዜ ሲደርስ እኔን እንዳይረሱኝ፤ በርካሽ እናዘዝልዎታለሁ!» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። ገበያው ፈረሰ በሳቅ።

«ወገቤን ስለሚያመኝ ነው» አለ ባለ ወፍጮው ለሽማግሌዎቹ። «ሐኪም ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከልክሎኛል። ድንጋይ አላችሁ፣ ይኸው ድንጋይ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አየሽ፣ እነሱም እኮ ደክሟቸዋል፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልገዋል። «እንግዲህ ድንጋይም ያው ድንጋይ ነው፤» አሉ አንዱ ቀስ ብለው፣ «መምጣቱ ነው ዋናው። ልጄ፣ አንቺም አታክርሪው።» የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበሩት ግን አንገታቸውን ደፉ።

ባለ ወፍጮው ወደ ሴቲቱ ዞረ። «በይ እንግዲህ፤ ሶሪ» አለ።

ሴቲቱ እሱን አላየችም። የምታየው ተሸካሚውን ነበር። ድንጋዩ ሻካራ ነው፤ ማጅራቱን ልጦታል። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ወዴት እንደመጣ እንኳ የነገረው የለም። ጎንበስ እንዳለ ከታች ወደ ላይ አያትና «እመቤት፣ የት ላውርደው?» አለ።

እሷ ተነሳች። ሰፌዷን ለልጇ ሰጠች። በሁለት እጇ ድንጋዩን ከሰውዬው ማጅራት አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ። ከዚያ የሰውዬውን ሁለት ትከሻ ሳመች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው። «ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እኔ?» አለ ሰውዬው፣ ደንግጦ። «እኔ ምን አድርጌሽ?»

«ምንም አላደረግከኝም። ግን ድንጋዩን የተሸከምከው አንተ ነህ፤ ይቅርታውም ያንተ ነው። ይዘኸው ሂድ።»

ባለ ወፍጮው እጁን ከኪሱ አወጣ። «እኔስ?» አለ።

«እርስዎማ ባዶዎን ነው የመጡት» አለች። «ባዶውን ከመጣ ሰው ላይ ምን አወርዳለሁ?»

ሰፌዷን ከልጇ ተቀብላ እቦታዋ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ፤ «አታክርሪው» ያሉት ሰውዬ ከሁሉ ፊት ፊት ነበር የሚሄዱት። ባለ ወፍጮው «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ ሰው እየገፋ ወደ ውስጥ ገባ፤ መንገድ ልቀቁልኝ ማለቱ ነው። ያኔ ያቺ ስልቻዋ የጠፋባት ወይዘሮ ከሰው መሀል ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። «ስልቻዬ የዚያኑ ቀን ተገኝቶ ነበር!» ብላ ጮኸች፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ። «ከሚዛኑ ኋላ ተገኝቷል! ይህች ሴት አልነካችውም! እኔ ያኔ መናገር ሲገባኝ ስልቻዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እህቴ፣ በድዬሻለሁ።» ድንጋይ አልያዘችም። ድምፅዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብዷታል። ሴቲቱም ይህን አየችና ብድግ ብላ ሳመቻት። በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄደች።

ድንጋዩ እዚያው ወፍጮው በር ላይ ቀረ። ባለ ወፍጮው እንዲነሳ ቢያዝ ሠራተኞቹ እሺ አላሉም፤ «የኔ አይደለም» ይላል እያንዳንዱ። አሁንም ሲገባ ሲወጣ ይዞረዋል አሉ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አነሱ፤ ግን አልቆጠሩም።

«ይታይሽ፣ ስሚ» አሉ። «አጎትሽ ሲወስድሽ እናትሽ ደጅ ላይ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በአማርኛ ‹አስተምራታለሁ› ብሎ ምሏል። ተመርቆ ነው የወጣው። ሰባት ዓመትሽን በልቶ ሲያበቃ፣ አውራ ጣቱን አንዴ ስልክ ላይ አሳርፎ ‹ሶሪ› አለሽ። አውቶቡስ ላይ እግርሽን ቢረግጥ የሚልሽን! ይሄ ነው ወይ የሰባት ዓመት ዋጋው? ያቺን ለቃሚ ለረጋገጣት ሰው ቢያንስ ሌላ ሰው ድንጋዩን ተሸከመለት። ያንቺ አጎት ግን ምን አደረገ? የሚሸከምለትም አልቀጠረም። ተሸካሚው አንቺ ሆንሽ እኮ! የበደለው እሱ፣ ጎንበስ ብለሽ የመጣሽው አንቺ። ዘመዶችሽ ደግሞ ከኋላ ሆነው ‹ምነው ቀጥ ብለሽ አትሄጂም› ይሉሻል!»

ይታይሽ ሳታስበው እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደች።

«ቂም ያዢ አላልኩሽም። ክፉ አትመኚበት፤ ስሙ ሲነሳ ጸልዪለት። ግን ያልተጠየቅሽውን ይቅርታ ሰጥቻለሁ ብለሽ አትዋሺ፤ እግዚአብሔር ውሸት አላዘዘም። አንድ ቀን እናትሽ ደጅ መጥቶ፣ ያው ጎረቤት ባለበት ‹አላስተማርኳትም፤ ዋሽቻለሁ› ካለ፣ በሁለት እጅሽ አውርጂለት። እስከዚያ ግን የሱን ድንጋይ አንቺ አትሸከሚም። ጀርባሽ ለልጅሽ ነው። በይ አሁን ቀና በዪና ሂጂ፤ ድንጋዩን እኔ ዘንድ ትተሽው። ሊወስደው የመጣ ዕለት ያለበትን አሳየዋለሁ።»